ባክቴሪያ ያልለመደው መድኃኒት እንዴት ተደርጎ ይሠራል? ከቦሩ ሜዳ የሚጀምር ታሪክ

ከደሴ ወጣ ብሎ፣ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ቦሩ ሜዳ አለ። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስሙን ሰምታችሁታል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦታ ነው። ዛሬ ግን ብዙ የወሎ ሰው ቦሩ ሜዳ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። ለዓይን፣ ለቆዳና ለሥጋ ደዌ ሕክምና ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ይህ ሆስፒታል፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ምን ማለት ነው? ዋና ዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች፣ ማለትም ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፣ የማይገድሉት የሳንባ ነቀርሳ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ በሽታ የያዘው ሰው ሕክምናው 20 ወር ገደማ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ውስጥ ለወራት መርፌ መወጋት ነበረበት። መርፌው ባክቴሪያውን ሲገድል በጆሮ ውስጥ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳትም ስለሚጎዳ፣ ከቲቢው ድነው መስማት ያቆሙ ሰዎች አሉ። እስኪ አስቡት፤ 9ኛ ክፍል ላይ የታመመ ተማሪ ሕክምናውን ሲጨርስ ጓደኞቹ 11ኛ ክፍል ደርሰዋል፤ እሱ ደግሞ መምህሩ የሚሉትን ላይሰማ ይችላል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ለብዙዎቹ ታካሚዎች የ6 ወር ሕክምና መከረ። መርፌ የለም፤ የሚዋጥ ክኒን ብቻ። ከ20 ወር ወደ 6 ወር! ታዲያ በመሃል ምን ተገኘ? ብዙ ሰው ደክሞበታል፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን ቤዳኪሊን የሚባል አንድ ሞለኪውል ነው። ዛሬ የምናየው እንዲህ ያለ ሞለኪውል ከየት እንደሚመጣ፣ ማግኘቱስ ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ነው።

የለመደው ማን ነው?

"አሞክሳሲሊን ሰውነቴ ስለለመደው አይሠራልኝም" ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። አባባሉ ላይ ስህተት አለ። የለመደው የሰውየው ሰውነት አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሰውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ የዚያ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ባክቴሪያ ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ በሕይወቱ አንድም ቀን አንቲባዮቲክ ያልዋጠ ሕፃን መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል።

ባክቴሪያስ እንዴት ይለምዳል? አስቦበት አይደለም፤ ባክቴሪያ አያስብም። ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነው። በአንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላል። ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ ኢ. ኮላይ ምግብ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨምራችሁ ተኙ እንበል። ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሱ 8 ሰዓት አልፏል፤ ባክቴሪያው 24 ጊዜ እጥፍ ሆኗል። በሒሳብ ማሽን አስሉት፤ ከ16 ሚሊዮን 777 ሺህ በላይ ይመጣል።

በየክፍፍሉ ባክቴሪያው ዘረመሉን መገልበጥ አለበት። የጓደኛችሁን ደብተር ቸኩላችሁ ስትገለብጡ አንዳንድ ፊደል እንደምትሳሳቱ ሁሉ፣ እሱም ይሳሳታል። ከ16 ሚሊዮን ባክቴሪያዎች መካከል የሆነ ቦታ የተሳሳቱት በሺዎች ይቆጠራሉ። አብዛኛው ስህተት ምንም አይጠቅምም፤ አንዳንዱም ይገድላል። አንዱ ግን በአጋጣሚ መድኃኒቱ እንዳይነካው ያደርገው ይሆናል። መድኃኒት በሌለበት ይህ ባክቴሪያ ከሌሎቹ ምንም ብልጫ የለውም። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን ሌሎቹ ያልቁና ቦታውም ምግቡም ለእሱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። በቃ፣ "መልመድ" የምንለው ይኸው ነው።

ይህ ትናንት የታወቀ ነገር አይደለም። በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን በታች የሚወስድ ሰው ባክቴሪያዎቹን እንዲላመዱ ሊያስተምራቸው እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። እንዳለውም ሆነ። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ተገምቷል።

ሦስት ብልሃቶችና የኮምቦልቻ መናኸሪያ

አንቲባዮቲክ ቁልፍ ነው ብላችሁ አስቡ። ባክቴሪያው ውስጥ ለሥራው የግድ የሚያስፈልግ አንድ ጓጉንቸር አለ፤ ቁልፉ እዚያ ገብቶ ይቀረቀርና ሥራውን ያቆምበታል። ባክቴሪያው ታዲያ የሚያመልጥበት ዋና ዋና መንገድ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ቁልፉን መቁረጥ ነው። ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን መሃላቸው ላይ አራት ማዕዘን የሆነች ትንሽ ቀለበት አለቻቸው፤ ኃይላቸው ያለው እሷ ላይ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህችን ቀለበት ብቻ የሚቆርጥ መቀስ ይሠራሉ። መቀሱ ቤታ-ላክታሜዝ የሚባል ኤንዛይም ነው።

ሁለተኛው ማስወጣት ነው። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ፓምፖች አሉ፤ መድኃኒቱ እንደገባ መልሰው ይተፉታል።

ሦስተኛው ጓጉንቸሩን መቀየር ነው። መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ፕሮቲን ቅርጹ ትንሽ ይለወጣል፤ ቁልፉ ደኅና ነው፣ ግን አይገባም።

ከዚህ የባሰው ነገር ብዙ ባክቴሪያዎች እነዚህን ብልሃቶች እርስ በርስ መሰጣጣታቸው ነው። ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርደው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ በባቲ አድርጎ ከሚሌና ከጅቡቲ የሚመጣው መንገድ ሁሉ የሚገናኘው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ሰው ይገናኛል፣ ዕቃ ይቀያየራል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየመንገዱ ይሄዳል። ባክቴሪያዎችም እንዲህ ያለ መናኸሪያ አላቸው፦ የሰውና የከብት አንጀት፣ የሆስፒታል የእጅ መታጠቢያ፣ ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ወንዝ። ከደሴ በኩል ወርዶ በኮምቦልቻ የሚያልፈው ቦርከና የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ይዞ የሚሄድ ወንዝ ስለሆነ፣ እንዲህ ላለው ግንኙነት የሚመች ቦታ ነው። እዚያ አንዱ ባክቴሪያ ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የዘረመል ቀለበት ለሌላው ያቀብላል። በአንድ ፕላዝሚድ ላይ የብዙ መድኃኒቶች ማምለጫ አብሮ ሊጫን ይችላል። ተቀባዩ ያንን መድኃኒት አይቶት አያውቅም፤ ማምለጫውን ግን ያዘ።

የቲቢ ባክቴሪያ በዚህ መናኸሪያ አይሳተፍም። የሚለምደው በራሱ የመገልበጥ ስህተት ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

መቀሱ ውስጥ ሽቦ መክተት

አሁን ኬሚስት ሁኑ። ባክቴሪያው መቀስ ሠርቶ ቁልፋችሁን እየቆረጠባችሁ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

አንዱ መልስ "ሌላ ቁልፍ እሠራለሁ" ነው። ሌላው መልስ ግን "መቀሱን አበላሻለሁ" ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች አንድ የአፈር ባክቴሪያ ክላቩላኒክ አሲድ የሚባል ውህድ እንደሚሠራ አገኙ። ይህ ውህድ ለብቻው ባክቴሪያን ለመግደል ይህን ያህል ኃይል የለውም። ነገር ግን እሱም ያችን አራት ማዕዘን ቀለበት ይዟል። መቀሱ ፔኒሲሊን መስሎት ሊቆርጠው ሲነክሰው ውስጡ ተጣብቆ ይቀራል፤ መቀስ ውስጥ ወፍራም ሽቦ እንደመክተት ማለት ነው። መቀሱ ተበላሽቶ ሳለ አሞክሳሲሊኑ በሰላም ገብቶ ሥራውን ይሠራል። ሁለቱ አንድ ላይ የተቀመሙበት መድኃኒት በ1981 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። ኦግመንቲን በሚል ስም ፋርማሲ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። አዲስ መድኃኒት ማለት የበለጠ መራራ፣ የበለጠ ጠንካራ መርዝ ማለት አይደለም። ባክቴሪያው የሚያመልጥበትን መንገድ በትክክል አውቆ፣ በዚያው ቦታ ላይ መጠበቅ ነው።

ጦስኝስ አይበቃም ወይ?

ይህን ጥያቄ በተለይ የወሎ ልጆች ይጠይቃሉ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። በደጋው የሚበቅለውን ጦስኝ በሻይ ያልጠጣ፣ ጉንፋን ሲይዘው "ጦስኝ ይፈላልህ" ያልተባለ ማን አለ? በጦስኝ ዘይት ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ውህዶች በብዛት አሉ። የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዘይት በባክቴሪያ ላይ ሞክረውታል። ሙከራው እንዲህ ነው፦ በክብ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይዘራል፤ መሃሉ ላይ ዘይቱ የነካት ትንሽ የወረቀት ክብ ትቀመጣለች፤ በማግስቱ ይታያል። ባክቴሪያው ሳህኑን ሸፍኖ በወረቀቷ ዙሪያ ግን ባዶ ክብ ካለ፣ ውህዱ ባክቴሪያውን አላስበቀለውም ማለት ነው። ጦስኝ እንዲህ ያለ ባዶ ክብ ያሳያል።

እንዴ፣ ታዲያ ለምን መድኃኒት አልሆነም? ምክንያቱም ሳህን ላይ መግደል የመጀመሪያው ፈተና ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ከባድ ፈተናዎች አሉ።

አንደኛ፣ በጣም ትንሽ መጠን መብቃት አለበት። ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት ታስቀምጣላችሁ፤ በሰው ደም ውስጥ ያንን ያህል ማግኘት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያውን መርጦ መምታት አለበት። ቲሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያውን የስብ ሽፋን ሰርስረው ያፈርሳሉ። የእኛ ሕዋሳትም በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። ሦስተኛ፣ ሲዋጥ ከሆድ ወደ ደም ማለፍ፣ ጉበት ቶሎ ሳያጠፋው መቆየትና ባክቴሪያው ካለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከሳንባ፣ መድረስ አለበት። ቲሞል በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው፤ አፍን አጥቦ ይተፋል። በደም ዞሮ ሳንባን ለማከም ግን አይሆንም።

ይህ ማለት የእናቶቻችን እውቀት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ፣ ያየው ነገር ትልቅ ፍንጭ ነበር። ከፍንጩ በኋላ ግን የዓመታት ሥራ መጣ፤ ከእንዶዱ ውስጥ ገዳዩ ውህድ የትኛው ነው? በምን መጠን? ለሌላ ፍጥረትስ? ከእንዶድ የወጣው አንዱ ውህድ በስሙ ሌማቶክሲን ተባለ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ዕፅዋት መነሻ ይሰጣሉ፤ ከመነሻው እስከ መድኃኒቱ ያለውን መንገድ ግን ኬሚስትሪና ትዕግሥት ነው የሚያስኬደው።

70,000 ውህዶች፣ አንድ ወፍጮ

አሁን ወደ ቦሩ ሜዳው መድኃኒት እንመለስ። የቲቢ ባክቴሪያ ለምርምር አስቸጋሪ ነው። ኢ. ኮላይ በ20 ደቂቃ ሲከፈል፣ እሱ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ አደገኛ ነው፤ ልዩ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንሰን በሚባለው ኩባንያ ያሉ ተመራማሪዎች፣ በቤልጅየማዊው ኩን አንድሪስ መሪነት፣ አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። የቲቢው ዘመድ የሆነ፣ ቶሎ የሚያድግና ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያ ወስደው ከ70,000 በላይ ውህዶችን አንድ በአንድ ሞከሩበት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ቤተሰብ በኋላ ቤዳኪሊን የተባለውን ሰጠን። ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ "ይገድላል፤ ግን ምኑን መትቶ ነው?" የሚል ነበር። መልሱን የነገሯቸው የለመዱት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያዎቹን ከመድኃኒቱ ጋር አቆይተው ጥቂት የተረፉትን ለቀሙ፤ ዘረመላቸውን አንብበው ካልለመዱት ጋር አስተያዩት። የተለወጠው ቦታ የትኛው ጓጉንቸር እንደተመታ አሳየ። ጠላት ሲያመልጥ የረገጠውን ተከትሎ ቤቱን እንደማግኘት ማለት ነው።

ቤቱ ወፍጮ ሆኖ ተገኘ። ማንኛውም ሕያው ሕዋስ ሥራውን የሚሠራው ኤቲፒ በሚባል የኃይል ማከማቻ ሞለኪውል ነው። ኤቲፒን የሚፈጨው ደግሞ በሽፋኑ ላይ የተተከለ፣ በእውነት የሚሽከረከር ጥቃቅን ሞተር ነው። የውሃ ወፍጮ አይታችሁ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚፈሱ የሃይድሮጂን ቅንጣቶች መንኮራኩሩን ያዞሩታል፣ መንኮራኩሩ ሲዞር ኤቲፒ ይፈጫል። ቤዳኪሊን የሚሄደው መንኮራኩሩ ላይ ነው። እንደ ድንጋይ ተሰክቶ ያቆመዋል።

የቲቢ ባክቴሪያ አንዳንዴ ሳያድግ ተኝቶ ስለሚቆይ፣ የሚያድግን ባክቴሪያ ብቻ የሚመቱ መድኃኒቶች ያልፉታል። የተኛ ባክቴሪያም ግን በሕይወት ለመቆየት ትንሽ ኤቲፒ ያስፈልገዋል። ወፍጮው ሲቆም የተኛውም ይሞታል።

እኛስ? እኛም በሕዋሳችን ውስጥ ተመሳሳይ ወፍጮ አለን። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ፈተና፣ መርጦ መምታት፣ የሚመጣው። የመንኮራኩሮቹ ቅርጽ ትንሽ ይለያያል። ሲለካ የሰው ወፍጮ ለቤዳኪሊን ያለው ተጋላጭነት ከባክቴሪያው ከ20,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጦስኝ ያላለፈውን ፈተና ቤዳኪሊን ያለፈው በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የተሰጠው ፈተና

በአሜሪካ ቤዳኪሊን የተፈቀደው በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 2012 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አሠራር ያለው የቲቢ መድኃኒት ሲገኝ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን ከየትኛው መድኃኒት ጋር፣ ለስንት ወር የሚለው ገና በሰው ላይ መፈተን ነበረበት። ከትልልቆቹ ፈተናዎች አንዱ ስትሪም የተባለው ጥናት ነው፤ ከተካሄደባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተሳትፈዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት፣ መርፌ ባለበት የ9 ወር ሕክምና ከ100 ታካሚዎች 71 ገደማ ጥሩ ውጤት ሲያገኙ፣ ቤዳኪሊን ባለበትና መርፌ በሌለው የ9 ወር ሕክምና 83 ገደማ አገኙ። ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበት እውቀት ውስጥ የኢትዮጵያውያን ታካሚዎችና የኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ድርሻ አለበት።

ቤዳኪሊን መቼም ለብቻው አይሰጥም። ለምን? ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ቲቢ የሚለምደው በመገልበጥ ስህተት ብቻ ነው። አንድ ባክቴሪያ አይሶናያዚድን የሚያመልጥበት ስህተት በግምት ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ይደርሳል እንበል። ሪፋምፒሲንን የሚያመልጥበት ከ100 ሚሊዮን አንድ ጊዜ። በአንድ በሽተኛ ሳንባ ውስጥ ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ብቻ ከተሰጠ የሚያመልጥ አይጠፋም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያመልጥ ለማግኘት ግን ሁለቱ ዕድሎች ይባዛሉ፤ ከ100 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። ያን ያህል ባክቴሪያ በሳንባ ውስጥ የለም። ክኒኑ ብዙ የሆነው በዚህ ሒሳብ ነው። ታካሚው ከክኒኖቹ አንዱን መርጦ ሲተው ወይም መሃል ላይ ሲያቋርጥ፣ ሒሳቡን ለባክቴሪያው መልሶ ያቀልለታል።

ሥራው አያልቅም

ቤዳኪሊንም ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዘገይ ስለሚችል ታካሚዎች በኢሲጂ ክትትል ይደረግላቸዋል። ሁለተኛ፣ በየቦታው የለመዱት ባክቴሪያዎች ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ አንዱ ማምለጫ ያው ሁለተኛው ብልሃት፣ ፓምፑ ነው።

እዚህ ላይ ነው "ዲዛይን" የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው። ኬሚስቶች የቤዳኪሊንን ሞለኪውል በየክፍሉ ፈትተው ጠየቁ፤ መንኮራኩሩን የሚይዘው ክፍል የትኛው ነው? ልብን የሚነካውስ? ወፍጮውን የሚይዘውን ጠብቀው ሌላውን ቦታ እየለወጡ ብዙ ዘመዶች ሠሩለት። ከእነዚህ አንዱ ቲቢኤጄ-876 ይባላል። በቤተ ሙከራ ሲፈተን ባክቴሪያውን በትንሽ መጠን ገደለ፤ ለልብ የሚያሰጋው ነገርም ቀንሶ ታየ፤ ቤዳኪሊንን በፓምፕ የሚያመልጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ላይም የተሻለ ሠራ። አሁን በሰው ላይ እየተፈተነ ነው።

ከዚህ ሌላ ኮምፒውተርም ገብቶበታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች 2,300 ከሚሆኑ ሞለኪውሎች መካከል ኢ. ኮላይን የሚያቆሙትና የማያቆሙት የትኞቹ እንደሆኑ ለኮምፒውተር አስተማሩት። ከዚያ 6,000 ያህል ሌሎች ውህዶች ሰጥተው "ምረጥ" አሉት። አንድ ጊዜ ለስኳር በሽታ ታስቦ የተተወ ውህድ መረጠ። ሐሊሲን ብለው ሰየሙት፤ በአይጦች ላይ ብዙ መድኃኒት የማይበግረውን አሲኔቶባክተር የተባለ የሆስፒታል ባክቴሪያ አጠፋ። ለሰው መድኃኒት ገና አልሆነም፤ ሦስቱን ፈተናዎች ማለፍ አለበት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ የተማረው አንድ ሰው በሳህን ላይ ሞክሮ ከመዘገበው ውጤት ነው። ንጹሕ መዝገብ ከሌለ ብልህ ኮምፒውተር የለም።

ገንዘቡም ሌላ እንቅፋት ነው። አኬጂን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው አዲስ አንቲባዮቲክ በ2018 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ፤ ኩባንያው ዓመት ሳይሞላው ከሰረ። ምክንያቱ አይገርምም። ጥሩ አዲስ አንቲባዮቲክ ለክፉ ቀን ተቆጥቦ የሚቀመጥ ስለሆነ ብዙ አይሸጥም። ስለዚህ ነው ይህ ሥራ ለኩባንያዎች ብቻ የማይተወው፤ መንግሥታት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የሚገቡበት።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ምን ይጀመራል?

"እኛ 70,000 ውህድ ከየት እናመጣለን?" ትሉ ይሆናል። ሥራው ግን ብዙ በር አለው። ደሴ ላይ ያለው የአማራ ክልል ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ላቦራቶሪና ሆስፒታሎቹ የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደለመደ መለየት ላይ ናቸው፤ ያ መረጃ ከሌለ ኬሚስት የትኛውን ጓጉንቸር እንደሚያነጣጥር አያውቅም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ደሴ ላይ ናቸው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ። ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር የሚያሳዩ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ አንድ ላፕቶፕ ይበቃቸዋል። በባዮሎጂ ብቻ የሚሠራ የለም፤ ኬሚስትሪው፣ ሒሳቡ፣ ፕሮግራሚንጉ ሁሉ ይፈለጋል።

እስከዚያው ያሉን መድኃኒቶች ዕድሜ በእጃችን ነው። ጉንፋን በአብዛኛው የቫይረስ በሽታ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም፤ የሚነካው በአንጀታችሁ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው፤ ከእነሱም የሚያመልጠውን ይመርጣል። ስለዚህ ከሳጥን ውስጥ የተረፈ ክኒን አትዋጡ፤ ለእህት ለወንድምም አትስጡ፤ ሐኪም ያዘዘውን ደግሞ በታዘዘው መሠረት ጨርሱ።

በመጨረሻ አንድ ቀላል ስሌት። የቤዳኪሊን ግኝት የታተመው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የ6 ወሩ ሕክምና የተመከረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በመሃል 17 ዓመት አለ። አሁን ይህን የሚያነብ የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ ቢጀምር፣ 17 ዓመት ሲሞላ 32 ዓመቱ ነው። ቤዳኪሊንም በብዙ ቦታ ተለምዶ የሚቀጥለው መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ያኔ ሊሆን ይችላል።